ክሩ የጠፋበት የብርጭቆ ጌጥ

ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሽልኛል? ጉልበትሽስ? ያ ደረጃው የማያልቅ ቤት አሁንም በቀን ዐሥር ጊዜ ያስወጣሽና ያስወርድሻል ወይስ አሠሪዎችሽ ልብ ገዝተው ምድር ቤት አወረዱሽ? ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? መንትዮቹስ እንዴት ናቸው? በላክሽው ፎቶ ላይ አንዷ የፊት ጥርሷን አውልቃ፣ ሌላዋ ሞልታ ስላየኋቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቻቸው ነበር፤ አሁን ሁለቱም ካወለቁ ተመልሼ መደናገሬ ነው። ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? ካልሲ ደርበሽ እንደምትለብሺ ማይልኝ። አልምልም ብትዪም ልበሺ። ናፍቆቴን ልዘርዝረው ብል ወረቀቱ አይበቃኝም፤ እዚህ ላይ ላቁመው።

እኛ አለን። ደህና ነን ብዬ ግን ልዋሽሽ አልፈልግም። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አንዴ መንትዮቹ መሀል ገቡብን፤ አንዴ አንቺ ሥራ ላይ ስለነበርሽ በሹክሹክታ ታወሪኝ ነበር፤ ሦስተኛው ቀን እንባ ተናነቀኝና መስመሩ ተበላሸ ብዬ ዘጋሁብሽ። መስመሩ ደህና ነበር፤ ይቅር በዪኝ። ለዚህ ነው መጻፍ የመረጥኩት።

ስለ እማዬ ነው። መርሳቷን ታውቂያለሽ፤ አንቺ የምታውቂያት እማዬ ግን ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች የምትረሳዋ ናት። አሁን የረሳችው እኔን ነው። ሁልጊዜ አይደለም፤ ጠዋት ላይ አንዳንድ ቀን ልጄ ብላ ትጠራኛለች፤ ከምሳ በኋላ ግን አንቱ ትለኛለች። የገዛ እናትሽ አንቱ ስትልሽ ምን እንደሚሰማ አልነግርሽም፤ አይድረስብሽ። እንዴት ያለች ጨዋ ሴት እንደሆነች የገባኝ ግን እንግዳዋ ከሆንኩ በኋላ ነው። ወንበር ትስብልኛለች። ቤተሰብዎ ደህና ነው ወይ ብላ ትጠይቀኛለች። ደህና ናቸው እላታለሁ።

ይህን እንኳ እየለመድኩት ነበር። የዛሬ ስድስት ሳምንት ገደማ ግን ልብሷን ላናፍስ ሳጥኗን ስከፍት፣ ከሁሉ በታች፣ በድሮው የሥራ ሽርጧ የተጠቀለለ አንድ የብርጭቆ ጌጥ አገኘሁ። የእጅ መዳፍ ያህል ርዝመት አለው፤ ቀለሙ የማር ነው፤ ከላይ አፉ ሰፋ ብሎ ወደ ታች እየጠበበ ሄዶ ጫፉ ይሾላል። ዙሪያውን ቅጠል ቅጠል የሚመስል ነገር ወጥቶበታል። ብርጭቆ ነው እንዳይባል መቀመጫ ስለሌለው አይቆምም፤ ጠርሙስ ነው እንዳይባል ክዳን የለውም። አንገቱ ላይ አንዲት ቀጭን የነሐስ ቀለበት አለች፤ በቀለበቷ ላይ አንዲት የብሎን ቀዳዳ፤ ከቀለበቷ ላይ ደግሞ በቅባትና በአቧራ የጠቆረ ክር ተንጠልጥሏል።

እማዬ እንዳየችው ከአልጋዋ ተነስታ ቆመች። የማን ነው? አለች። እኔ ምን አውቄ፣ ያንቺ አይደለም ወይ ስላት ደነገጠች። የእኔማ አይደለም፣ የሰው አደራ ነው፤ ባለቤቱ ሳይወስደው እንዴት እኔ ጋ ቀረ? አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። ጠዋት የማን ነው፣ ማታ የማን ነው። የሰው ዕቃ በእጄ ይዤ ልሞት ነው ወይ ትላለች። የልጆቿን መልክ የረሳች ሴት ይህን አንድ ነገር አልረሳ አለች።

መንትዮቹ አድገው ይህን ደብዳቤ ቢያገኙት እንዲገባቸው አንቺ የምታውቂውን ልጻፈው። አያታቸው ሃያ ስድስት ዓመት የአውቶቡስ ማቆሚያው የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። መንገደኛ ሻንጣውንም፣ ጆንያውንም፣ ጃንጥላውንም እሷ ጋ ጥሎ ጉዳዩን ጨርሶ ይመለሳል። ማንበብና መጻፍ ስለማትችል ደረሰኝ የሚባል ነገር አልነበራትም። አንድ ክር ለሁለት ትቆርጥና በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቋጠሮ ትቋጥራለች፤ አንደኛውን ዕቃው ላይ ታስራለች፣ ሁለተኛውን ለባለቤቱ ትሰጣለች። የክሩ ቀለም መደርደሪያውን፣ የቋጠሮው ብዛትና መራራቅ ቀኑንና ሰውየውን ይነግራታል። ክሩን ይዞ የመጣ ዕቃውን ይወስዳል፤ ክር የሌለው ማንም ይሁን ማን ባዶ እጁን ይመለሳል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ራሱ ክሩን ጥሎ ቢመጣ ጃንጥላውን ከልክላው በዝናብ ሲሄድ ያየሽው አንቺ ነሽ። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ባንኮኒው ሥር ተቀምጠሽ ክር የምትቆርጪላትም አንቺ ነበርሽ፤ እኔ ያኔ በጀርባዋ ላይ ነበርኩ። ቋጠሮውን ከሁለታችን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ጌጡ ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ካወቅኩ ባለቤቱን አገኛለሁ ብዬ አሰብኩ። ለሰው ለማሳየት ደግሞ ቆሽሿል። ስለዚህ በሳሙናና በሙቅ ውኃ አጠብኩት፤ ያን የጠቆረ ክር ደግሞ ንጹሕ ነገር ላይ ምን ይሠራል ብዬ በመቀስ ቆረጥኩና ከጥራጊው ጋር ጣልኩት። እታለም፣ በእጄ ጣልኩት። ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ፤ በቀን መቶ ብልቃጥ በእጄ ያልፋል፤ ከአንዱም ላይ ወረቀቱን ልጬ አላውቅም። የእናቴን ወረቀት ግን ልጬ ጣልኩ።

ብርጭቆው እያብረቀረቀ፣ እኔ በራሴ እየኮራሁ ወሰድኩላት። ተቀበለችኝና ዓይኗን ሳትጥልበት ጣቷን በቀለበቷ ዙሪያ አዞረች። ደግማ አዞረች። ከዚያ ክሩስ? አለችኝ። የቆሻሻው መኪና ጠዋት ሄዷል። ሮጬ ገንዳውን ባገላብጥም ከሙዝ ልጣጭና ከጎረቤት አሮጌ ጫማ በቀር ያገኘሁት የለም። ጭንቅላቷ ከረሳው በኋላ ጣቶቿ ያስታውሱ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብትዳስሰው ስሙን ቀኑን ሁሉ ትነግረኝ ነበር ብዬ እስከ ዛሬ ራሴን እበላለሁ።

ክሩ ከጠፋ ጌጡ ራሱ ይናገር ብዬ ዞርኩበት። ፎቶውን ስልክልሽ የሽቶ ጠርሙስ ክዳን ነው ብለሽ በሳቅ አለፍሽው፤ አልፈርድብሽም፣ ለምን እንደጠየቅኩሽ አልነገርኩሽም ነበር። መስታወት ቆራጩ ጋ ወሰድኩት። በጥፍሩ ጎንና ጎኑን እየዳሰሰ ሁለት ቀጫጭን ስፌት የሚመስሉ መስመሮች አሳየኝ፤ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የወጣ ነው፣ በእጅ የተቀረጸ አይደለም፣ እዚህ የሚሠራ ብርጭቆ ደግሞ ወፈር ባለበት ቦታ አረንጓዴ ይላል፣ ይህ አይልም፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው አለኝ። ለምን እንደሚያገለግል ስጠይቀው ከመብራት ላይ የወደቀ ጌጥ መሆን አለበት አለ። መብራት ሻጩ ደግሞ አገላብጦ አይቶ ሽቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ የለውም፣ ከእኔ ወገን አይደለም ብሎ መለሰልኝ። ሁለት ሳምንት በምሳ ሰዓቴ እንዲህ ስዞር ከረምኩ፤ የሰፈሩ ሰው ብርጭቆ ይዛ የምትዞረዋ ይለኝ ጀምሯል።

ባለቤቴን ታውቂዋለሽ፤ በያጅ ስለሆነ ዓለም ሁሉ በብየዳ የሚቃና ይመስለዋል። ይሁን እንጂ መንገዱን የከፈተልኝ እሱ ነው። ብርጭቆውን ትቶ ቀለበቷን አየና ይቺ ቀዳዳ የቆርቆሮ ብሎን መግቢያ ናት፣ ግድግዳ ላይ አልነበረም፣ መኪና ላይ ነበር አለ። ጋራዥ ወሰድነው። እዚያ በር ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚውሉ አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር አሉ፤ ሁሉም አባባ ሾፌሩ ይላቸዋል። ገና ከእጄ ሳይቀበሉኝ ሳቁ። ይሄማ የአበባ መያዣ ነው አሉ። ድሮ ትንንሾቹ መኪኖች ሲመጡ ከመሪው አጠገብ፣ ከፊት መስታወቱ ጥግ ላይ በብሎን ይታሰር ነበር፤ ትንሽ ውኃ ጠብ አድርገሽ አንድ አበባ ትሰኪበታለሽ፤ የቤንዚኑ ሽታ መኪናው ውስጥ እየገባ ተሳፋሪ ያስቸግር ስለነበር፣ ለሽታውም ለዓይንም ነው አሉኝ። የሾለበትን ምክንያት ስጠይቃቸው፣ ልጄ፣ የሚሄድ ነገር ላይ የሚንጠለጠል ዕቃ መቀመጫ ምን ያደርግለታል አሉ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ እሳቸው በብርጭቆው ደስ ያለኝ መሰላቸው።

የማን እንደነበረም ያውቃሉ። ሙሽራው የሚሉት የታክሲ ሾፌር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት አበባ ሳይሰካ መኪናውን ስለማያስነሳ፣ ሁልጊዜ ሠርግ እንደሚሄድ ሰው ስለነበር ነው ስሙ የወጣለት። ሲታመም መኪናውን ሸጠ፤ ይህችን መያዣ ግን አብሬ አልሸጥም ብሎ ፈትቶ አስቀራት። ለሕክምና ወደ ሌላ ከተማ በአውቶቡስ ሲሄድ እንዳይሰበርበት እማዬ ጋ ያስቀመጠው ያን ቀን መሆን አለበት። አልተመለሰም። ሞቶ እዚያው ተቀበረ፤ ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው።

ደስ ብሎኝ ወደ ቤት በረርኩ። እማዬ አጠገብ ተቀመጥኩና ሁሉንም ቀስ ብዬ ነገርኳት፤ አበባውን፣ ታክሲውን፣ መታመሙን። እንደ ጤነኛ ሰው አዳመጠችኝ። መሞቱን ስነግራት አንገቷን ደፍታ ነፍስ ይማር አለች። አበቃ፣ ተገላገልን ብዬ ልነሳ ስል፣ ታዲያ ክሩን ለማን ትቶለት ይሆን? አለችኝ። ወራሽ እንደሌለው ብነግራት ሰው ያለ ሰው አይሞትም፣ የሆነ ሰው ክሩን ይዞታል፣ ይመጣል አለች። ይኸውልሽ፣ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ የማን እንደሆነ አወቅን፤ ያወቅነው ሁሉ ግን ለእማዬ አንድ ጉርሻ ያህል አልጠቀማትም።

ያን ጊዜ ነው ሁለተኛውን ስሕተት የሠራሁት። ባለቤቴ ክር ነው እንዴ የቸገረን፣ ክር ቋጥረሽ ስጫትና ትገላገል አለኝ። ሰማያዊ ክር ገዛሁ። አንዱን ግማሽ ቀለበቷ ላይ አሰርኩ፤ ሌላውን ሦስት ቦታ ቋጥሬ፣ ከሰዓት በኋላ አንቱ በምትለኝ ሰዓት፣ የሙሽራው የእህት ልጅ ነኝ ብዬ ፊቷ ቀረብኩ። ዓይኗን ጨፍና ክሩን በሁለት ጣቷ መሀል አሽከረከረችው። ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ የእኔ ቋጠሮ አይደለም አለችኝ። በዚያው ጨዋነቷ ነው ያለችኝ። ከዚያ ብርጭቆውን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእጄ አትበላም። ማቆሚያው አካባቢ ብስኩት አብልተው፣ ሻይ አጠጥተው፣ ሰው አደንዝዘው ዕቃ የሚወስዱ ሌቦች እንደነበሩ ትነግረን አልነበር? እኔን ከእነሱ አንዷ አድርጋኛለች። ሳህኑን ይዤ ስገባ አመሰግናለሁ ጠግቤያለሁ ትላለች። የምትበላው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ስትመጣ ብቻ ነው፤ እሷም የራሷ ሥራ አለባት፣ በቀን አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ትመጣለች። ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አጥብባላታለች። እኔ ወጥ ሠርቼ በአጥር ለልብስ ሰፊዋ አቀብልና እሷ የሠራችው ተብሎ በበር ይገባል። ሐኪሙ አትከራከሯት፣ የምትለውን ተቀበሏት ከማለት በቀር ምንም አላዘዘልንም። ቀኑን ሙሉ ለሰው መድኃኒት ሳቀብል እውላለሁ፤ ለእናቴ የሚሆን ግን ከዚያ ሁሉ መደርደሪያ ላይ የለም። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ፤ ሌላ ምን ልበልሽ።

ቋጠሮዋን እንድታስተምሪኝ ልለምንሽ ነበር ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት። ትላንት ነበር የጀመርኩት። ዛሬ ጠዋት ግን ሌላ ነገር ሆነ።

ሻይ ይዤ ስገባ አልከለከለችኝም። ተቀብላ ጠጣች። ብርጭቆው ጭኗ ላይ ነበር። ትክ ብላ አየችኝና አዲሷ የክፍሉ ሠራተኛ አንቺ ነሽ? አለችኝ። አንቱ ሳይሆን አንቺ ነው ያለችኝ። የሐኪሙ ምክር ትዝ አለኝና አዎ እኔ ነኝ አልኳት። ታማኝ ነሽ? አለችኝ። ነኝ አልኳት። ያን የእኔን ሰማያዊ ክር ከቀለበቷ ፈትታ ጣለችው። ከነጠላዋ ጫፍ ክር መዘዘች፣ በጥርሷ ለሁለት ቆረጠችው፣ ቋጠረች። ጣቷ አልተሳሳተም፣ እታለም፤ አራት ቋጠሮ፣ ሁለቱ ተጠጋግተው፣ ሁለቱ ተራርቀው። አንዱን ቀለበቷ ላይ አሰረችና ብርጭቆውን በእጄ አስቀመጠችው። እኔ ደክሞኛል፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ልጄ ትጠብቀው አለችኝ። ታናሿ ልጄ ናት፣ ፋርማሲ ነው የምትሠራው፣ ከሥራ ስትመለስ ክሩን እሰጣትና ይዛልሽ ትመጣለች፤ ያለ ክሩ ግን እኔም ራሴ ብለምንሽ እንዳትሰጪ። ማይ አለችኝ። ማልኩላት።

ክሩን በቀኝ እጇ ጨብጣ ወጥታ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። እኔን ልትጠብቅ።

ባለቤቴ ይሄማ ቀላል ነው፣ በጓሮ ውጪና በዋናው በር እንደ ልጇ ግቢ አለኝ። ሞኝነቴን እያወቅኩ አደረግኩት። የሥራ ጋዋኔን ለበስኩ፣ ቦርሳዬን አንጠለጠልኩ፣ ዞሬ በዋናው በር ገባሁና እማዬ እንደምን ዋልሽ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሊመጣ ሲል አየሁት፤ እጇም ትንሽ ከፈት ያለ መሰለኝ። ከዚያ ተቆጣች። ክፍሉን ባዶ ጥለሽ የት ሄደሽ ነው? ያ አደራ ቢጠፋ ለልጄ ምን ልላት ነው? አለችኝ። ይቅርታ ጠይቄ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ይህን የምጽፍልሽ እዚያው ብርጭቆው አጠገብ ተቀምጬ ነው። በጎኑ አጋድሜዋለሁ። በመስኮቱ ትታየኛለች፤ በመንገዱ የምታልፍ ሴት ሁሉ ላይ ቀና ትላለች፣ ሴቲቱ ታልፋለች፣ እሷ መልሳ ታቀረቅራለች። ወደ እኔ አትዞርም፤ እኔ ዕቃ ጠባቂዋ ነኝ። ከአንገቴ በላይ ተናግሬ አስቂኝ ነገር ላደርገው ነበር፤ አልሆነልኝም። ምን እንደማደርግ የምታውቂ ከሆነ ጻፊልኝ፤ የማታውቂም ከሆነ አላውቅም ብለሽ ጻፊልኝ።

ለባለቤትሽ የወንድም ያህል ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሳሉን ችላ አይበል። መንትዮቹን አንድ አንድ ጉንጫቸውን፣ ጥርሷ ለወለቀችው ሁለቱንም ሳሚልኝ። ባለቤቴ ሰላም ብሎሻል፤ የላክሽለትን የብየዳ መነጽር በበዓል ቀን ሳይቀር ያደርገዋል። ልብስ ሰፊዋም ሰላም ብላሻለች፤ ልክሽን ላኪላት፣ ቀሚስ ልትሰፋልሽ ነው። ከእማዬም ሰላምታ ልጽፍልሽ ፈልጌ አሁን ወደ በረንዳው ወጣሁና ደብዳቤ እየጻፍኩ እንደሆነ ነገርኳት። ለልጄ ነው? አለችኝ። አዎ፣ ለልጅሽ ነው አልኳት። ቶሎ ትምጣ በያት፣ እጄ ዛለ አለችኝ።

ታናሽ እህትሽ፣
ከእናታችን ቤት፤ ሰኔ 9 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ።